ውሃ በውሃ ላይ

ከኸሰብ ወደብ ላይ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን፣
ውሃ በውሃ ላይ ጭነን እንሄዳለን፤
ሙሰበህ መሪውን፣ እኔ ቱቦ ይዘን።

ከግራም ተራራ፣ ከቀኝም ተራራ፣
ባሕሩን እንደ ልጅ ይዘውት በጋራ፤
ሞገድ አይደርስበት፣ ነፋስ አይጮኽበት፣
ፍርሃቴ ብቻ ነው ዛሬም የሚዋኝበት።

ዝዋይ ነው ያደግኩት፣ በደንገል ስቀዝፍ፣
ሲጠማኝ ጎንበስ ነው፣ በእፍኝ እስኪተርፍ።
እዚህ ግን ባሕሩ ለከንፈር አይሆንም፤
ደጅ ድረስ ተኝቶ አንድ ሰው አያጠጣም።

ናዲፊ፣ ቀነሃ፣ ከመቅለብ እስከ ሻም፣
በርሜል ተደርድሮ የማይጠብቅ የለም።
ከሁሉም ወዲያ፣ ባለ አንድ ሰው መንደር፣
ሞዛ ነበረች፣ ከሦስት ፍየል ጋር።

ባለፈው ረቡዕ ጥሩምባ ስንነፋ፣
ጩኸቱ ጋራውን ዞሮ ዞሮ ጠፋ።
ማንም ብቅ አላለም። ፍየሎቹ ወርደው፣
የቱቦዬን አፍ ላሱት ተጋፍተው።

ሙሰበህ ዝም አለ። በርሜሏን ጠቆመኝ።
«ማን ይጠጣል?» አልኩት። ዞሮ እንኳ አላየኝ።
ሞላሁት እስኪፈስ። በመዝገቡ ረድፍ፣
«‹ደርሷታል› በልና እንደ ወትሮው ጻፍ።»

ጻፍኩ።
እጄ እርጥብ ነበር፤
ስሟ ትንሽ ፈሰሰ።