አሥራ አንድ ሰከንድ

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከቀጨኔ በላይ፣
ውሻው የሚበዛ፣ ታክሲው የማይታይ፣
ሦስት ክረምት ሙሉ ወጣሁ ያን አቀበት፣
ካሜራው በጀርባ፣ ማቆሚያው በብብት።

የመጀመሪያው ወር ምንም አልቀረጽኩም።
ጭቃ ተሸከምኩኝ፣ ኩበት ለቃቀምኩኝ።
መምህሬ ያሉኝ ነው፦ «መጀመሪያ ሰው ሁን፣
ዓይን መሆኑ ይደርሳል።»

ወይዘሮ አስካለ ወገባቸው ጎብጦ
እሳቸው ይዞራሉ፣ እንስራው ተቀምጦ፤
የአሮጌ ድስት ገል በሙቀጫ ወቅጠው፣
ካዲሱ ጭቃ ጋር አንድ ላይ አቡክተው፣
«የሞተው ነው ልጄ፣ ሕያውን የሚያጸና፣»
አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ፣ እየዞሩ ገና።

አንድ ቀን ግን ቆሙ። ሌንሱን ትክ ብለው አዩት።
«ልጠይቅህ እስቲ፤
የኔን ዓይን ሰው ሁሉ ‹ይበላል› ይለዋል።
ይሄ ያንተ ጥቁሩ፣ ቀን ሙሉ አፍጥጦ፣
ምን በልቶ ያድራል?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።
«ኧረ እማዬ፣ የሱስ ባትሪ ነው የሚበላው፣»
አለች ልጃቸው ስንዱ፣ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ።

ቅዳሜ ነው። ሽሮ ሜዳ ጥግ፣ ገለባ ተነጥፎ፣
ድስት በድስት ላይ፣ ጋን በጠጠር ተደግፎ።
ነጭ የለበሰች፣ ጥላ የያዘች ሴት መጣች፤
ድስቱን በጣቷ አንኳኳች፣ ጆሮዋን ሰጠችው፣ ወደደችው።
ተከራከረች። ቀነሱላት። ከፈለች።
ፀሐዩ ከሮ ነበርና
ወይዘሮ አስካለ ከጀሪካን ቀድተው፣ ጣሳ ዘረጉላት፦
«እንኪ ልጄ፣ ጠጪ።»

ሴትዮዋ እጇን ሰበሰበች።
ጣሳውን አየች፤ ጣሳውን የያዘውን እጅ አየች፤
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣
ዛሬ ማታ ወጥ የምትሠራበትን ድስት
ደረቷ ላይ አጥብቃ እንዳቀፈች።

አሥራ አንድ ሰከንድ ነው።
ብርሃኑ ሙሉ ነው፤ እጄ አልተንቀጠቀጠ፣
ጣሳው ውስጥ ውሃው ብቻ ጥቂት ተናወጠ።
በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቼ
እንዲህ ያለ ገጥሞኝ አያውቅም።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ነው ያለኝ።

ለጥቅምት ጽጌ ግቢያቸው ውስጥ አንሶላ ሰቀልን፤
ጎረቤቱ ተጠራ፣ በተደፋ ጋን ላይ ተቀመጠ።
ጋሽ ወልደየስ በእቶኑ አጠገብ ሲያንኮራፉ
ሰው በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸውም ጭምር።
ከዚያ አሥራ አንዱ ሰከንድ መጣ።
ሕፃን እንኳ አላሳለም።

ሰው እስኪወጣ ጠበቁና፦
«አፈር ስሆንልህ፣ እቺን አውጣት።»
«እውነቱ እኮ ይሄ ነው፣ እማማ፤
ሀፍረቱ የሷ እንጂ የርስዎ አይደለም፣»
አልኩ፣ ካነበብኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«የሷ እንደሆነማ አውቃለሁ።
አንተ ፊልምህን ይዘህ ትወርዳለህ፤
እኔ ለቅዳሜ እመለሳለሁ፣
እሷም ድስቷ ሲሰበር ትመለሳለች።
ስንዱም ትምህርት ቤት አለች።»
ከጥፍራቸው ሥር ጭቃ እየፋቁ ዝም አሉ፤ ከዚያ፣
«ደግሞ የጠማት መስሎኝ ነው እንጂ
ልፈትናት አልነበረም።»

ቆረጥኩት።
መቁረጥ ቀላል ነው፣ አንድ ጣት፣ አንድ ቁልፍ።
ግን አላጠፋሁትም፤
መሳቢያዬ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣
እንደተሰነጠቀ ድስት፣
ለመጣል የሚያሳሳ፣ ለመጣድ የማይሆን።
እሳቸውም ቀረጹ፣ እኔም ቀረጽኩ፤
የሳቸው እሳት ገብቶ ወጣ፣ የኔ ጥሬውን አለ።

ይኸው ደግሞ ዛሬ
በምስል የተከለከልኩትን በቀለም አወጣሁት፤
ነጯን ቀሚስ፣ ጣሳውን፣ አንዷን እርምጃ፣ ሁሉንም።
«ዓይኔን ግንባር ያርገው» ብዬ እንዳልምል
አይቻለሁ።
አንድ ነገር ብቻ ምስሉ ውስጥ የለም፦
ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ
ጣሳው እዚያው እንደተዘረጋ ቆየ።
እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፤
እጄ ግን ካሜራ ይዞ ነበር።