ሰማያዊ ቀለም ብቻ

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከጫማ ሰፊው ሥር፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ያቺ ክፍል ትሞላለች፤
አምስት ደረጃ ወርደን፣ ጎንበስ ብለን ስንገባ
ያድቪጋ ቀድማን እስክሪብቶ ትደረድራለች።
«ሰማያዊ ቀለም ብቻ። ጥቁሩን ይመልሱታል።
ስለ ችሎት አትጠይቁ፣ ስለ ምርጫ አታንሱ፤
ሁለት ገጽ አይለፍ፣ ከበዛ ይጥሉታል፤
ስለ ዝናብ፣ ስለ ውሻ፣ ስለ ቲማቲም አንሱ።»

ከቪልኒውስ ድንበሩ ቅርብ ነው፤
በአውቶቡስ ለአንድ እንቅልፍ አይበቃም።
ያድቪጋ ግን ከተሻገረች አምስት ክረምት ሆናት።
ወንድሟ እዚያ ነው። ስሙን አትጠራም፤
ከዝርዝሩ ስትደርስ «ቁጥር ሰባት» ትላለች፣
ድምጿን ሳትለውጥ።

ኢሳውራ ከማናጓ ናት፤ ስትጽፍ ምላሷ ይወጣል።
ቲን ዛር ከማንዳላይ፤ ብዕሩን ስትጫነው
የፊደሉ ጠባሳ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።
ሽማግሌው ካዚስ ቴምብር ይዞ ይመጣል፤
በልጅነቱ አባቱን የወሰደው ባቡር
ዛሬም ከራሳችን በላይ ጣቢያው ላይ ይጮኻል።
እሱ ቴምብሩን ይልሳል። ስለዚያ አያወራም።

እኔ የማላውቀውን ፊደል እሥላለሁ፤
በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁ እንደሚቆጥር ልጅ፣
የያድቪጋን እጅ እያየሁ እቀዳለሁ፦
«ጤናህ እንዴት ነው? ዘንቧል እዚህ ደጅ።»

አንድ ማታ ስለ ሰምና ወርቅ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤
«የእኛ ሰው ሳንሱር የሚያልፈው ቃሉን አጥፎ ነው፣
ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ…» እያልኩ ተንተባተብኩ።
ካዚስ መነጽሩን ወልውሎ፣
«ሰሙን ብቻ ላክ» አለኝ። «ወርቁስ እዚያው ነው።»

ነበርኩ እኔም አንድ ጊዜ፣ በዚያኛው በኩል።
የመጣልኝ አንድ ካርድ ነው፤ ሌላ አልመጣም።
ፊቱ ድልድይ፣ ጀርባው ጽሑፍ፤
ከአሥራ አንዳችን መሃል የሚያነበው አልነበረም።
አንዱ «የአርመን ነው» አለ፤ አንዱ «የታይ» ብሎ ተከራከረ፤
ግድግዳ ተደግፈን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤
መሐንዲሱ ተገኔ የድልድዩን ቅስት ቆጠረ፤
ወደ እኔ ሲመለስ ዳር ዳሩ ወዝቶ ነበረ።
ያመጣው ዘበኛ ግን፣ ያኑ ዕለት ማታ፣
ለቆጠራ ሲገባ፣
«አንተ ረጅሙ» ሲለኝ የኖረው ሰው
በስሜ ጠራኝ፣ ከነአባቴ፣
ቀስ ብሎ፣ አድራሻው ላይ እንዳነበበው።

ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም፤
ምን እንዳለኝም።
ስለ ዝናብ ይሆናል።

ብዙዎቹ ይመለሳሉ፣ «የለም» የሚል ማኅተም ታትሞባቸው።
ያድቪጋ በጫማ ካርቶን ታስቀምጣቸዋለች።
«አንድ ሰው ተሸክሞ አስገባቸው፣
አንድ ሰው ተሸክሞ አወጣቸው፤
ሁለቱም ሳያነቡ አልቀሩም» ትላለች።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ጫማ ሰፊው ከላይ መዶሻውን አስቀመጠ።
ዛሬ ቁጥር ሰባት ለእኔ ደረሰኝ።
ያድቪጋ አላየችኝም፤ ወይም አይታ ዝም አለች።
እስክሪብቶውን አንስቼ ሰማያዊ መሆኑን
አውራ ጣቴ ላይ ሞከርኩ።
ቲን ዛር ክንዴን ነካ አድርጋ፣
«ቲማቲም በየትኛው ፊደል ነው የሚጀምረው?» አለች።