የሐምሳ አለቃው ወንበር

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣ የጥበቃውን ማማ ውጦ፣
የግቢው በር ብቻ ቀርቶ፣ ለመንገደኛ አፍጥጦ፣
በሐምሌ ማለዳ ደረስኩ፣ ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣
«ሲቪል ሠራተኛ» የሚል፣ እርጥብ ደብዳቤ ይዤ መጥቼ።
ፈታሿ ቦርሳዬን ገልብጣ፣ ማበጠሪያና ዳቦ አገኘች፤
«መለዮሽስ?» አለችኝ፣ ከራስ እስከ እግሬ እያየች።
መለዮ የለኝም። ማዕረግም የለኝም።
ሰላምታ ሲሰጣጡ፣ እጄን የት እንደማኖር አላውቅም።

መዝገብ ቤት አንድ ወንበር፣ ሐምሳ አለቃ ይመር የኖረበት፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ስፖንጁ፣ የገላውን ቅርጽ የያዘለት፤
ጠመንጃው ከፋይል ሣጥን፣ ተደግፎ አንቀላፍቶ፣
የሸረሪት ድር ከአፈሙዙ፣ እስከ ቀን መቁጠሪያው ተዘርግቶ።
የዝውውር ደብዳቤው፣ ከእኔ ቀድሞ ደርሶት ነበር፤
አጣጥፎ ከቆቡ ውስጥ፣ እንደ ክታብ ሲቀብር፣
«እኔን ተኩስ ነው ያስተማሩኝ፤ ጽፈት ያስተማረኝ ችግር፤
አብሽሪ፣ ተቀመጪ» አለ።
ሲነሣ ጉልበቱ ጮኸ፣ ዘይት እንዳጣ በር።

ስሌቱን የሠሩት ሰዎች፣ ፎቅ ላይ ካለው ቢሮ፣
እንዲህ አሉ ይባላል፣ ከጫማ ክር ጀምሮ፦
«አንድ ፖሊስ ለማሠልጠን፣ የስንት ወር ቀለብ፣
ቡትስ፣ ካፖርት፣ የአደጋ አበል፣ በጥይት የሚጮህ ገንዘብ፣
ይህ ሁሉ ወጥቶበት ሲያበቃ፣ ሰውዬው ማኅተም ይመታል፤
ማኅተም ማንም ይመታል፤ ማማው ግን ሰው አጥቷል።»
እውነት ነው፣ ክፉ ስሌት አይደል፤ ብሩ ከሰማይ አልዘነበ፤
ከእናቴ በርበሬ ግብር፣ ሰኞ ገበያ የተሰበሰበ።
ግን ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ «ቁጠባ» ከሚለው አጠገብ፣
ከይመር ደመወዝ የእኔ፣ ሲቀነስ የቀረውን ሳነብ፣
ያው ወንበር፣ ያው መዝገብ፣ ያው ብርድ፣ ጣት የሚያደርቅ፤
ቁጠባው እኔው ነኝ ለካ! ብቻዬን ሳቅሁ፣ ደረቅ ሳቅ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲወግር፣
የአሮጌ መዝገብ ቀናትን፣ በእርሳስ ጫፍ ስደምር፣
አረቡ ሙሄን አገኘሁት፣ በግ ነድቶ ከኩታበር።
ሁለት ዓመት ነው ፍርዱ፤ ጣቢያ የከረመው ግን ሠላሳ አንድ ቀን፣
ከፍርዱ ሳይቀነስ ቀርቶ፣ ተዳፍኗል ከገጹ ጎን።
መውጫው ካለፈ ዘጠኝ ቀን። ዘጠኝ ቀን የመንግሥት ዳቦ፣
ዘጠኝ ሌት የአንድ ሰው ዕድሜ፣ በየትኛው ረድፍ ታስቦ?

ተረኛ ሲቀያየር ይመር፣ ከማማው ወርዶ መጣ፤
መነጽሩን ጠርጎ አየው፣
«የእኔ እጅ ነው» አለ፣ ሰበብ ከአፉ ሳይወጣ።
ቆቡን አውልቆ ሄደ፣ ወደ አረቡ ራሱ፤
እኔም መዝገቡን ታቅፌ፣ ተከተልኩ ከኋላ ከእርሱ።
አረቡ አልተቆጣም። ግድግዳው ላይ አሳየን፣
በምስማር የጫረውን፣ ሳይጎድል፣ ዘጠኙን ቀን።
«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» ስለው፣ አንገቱን ደፋ፤
«እህቴ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ ድምር አጠፋ
ይባላል እንዴ?» አለኝ።
ይመር ሊመልስ ሲል፣ ድምፁ ጠፋ።

አረቡ ልብሱን በፌስታል፣ ይዞ ገባ ጉሙ ውስጥ፤
ለዘጠኙ ቀን ቅጽ ጠየቅሁ፤ የለም አሉኝ የሚሰጥ።
ቢሮው ሩብ ዓመቱን ዘግቦ፣ «ውጤታማ» ብሎ ጻፈልን፤
ከቁጠባው ግን ለእኔ ማሞቂያ፣ ለይመር መድኃኒት አልመጣልን።

ማታ መዝገቤን ስዘጋ፣ ጉልበቱ ይሰማኛል፤
አርባ ሁለት ደረጃ ነው፣ በየስድስቱ ያርፋል።
ቆጥሬዋለሁ።
እሱም ሳይቆጥረው አይቀርም፤
ግን እንደ አረቡ ነው፣ ድምሩን ለማንም አይናገርም።