ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተሞላ ቅጽ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲያለብሰው፣
ሲያቃስት ያመሸው ጸጥ ሲል ታማሚ ሰው፣
ቅጹን አወጣሁት ከጋውኔ ኪስ፤
«ስም አይጻፍበትም» ብሎኛል እንድሪስ።
ለመመረቂያው ነው፣ ጥናት ይሠራል፤
«የሥራ ጫና» ይላል፣ «ስብዕና» ይላል።

ጥያቄ አንድ፦ «ራሴን ዋጋ እንዳለው ሰው እቆጥራለሁ።»
በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም...
ብዕሬን አንስቼ እጠብቃለሁ።

አልጋ አራት ይጠራኛል፣ የግሉኮሱ ጠብታ፤
ቆጥሬው ነበር እኮ አሁን፣ በእርጋታ።
ግን ብሳሳትስ? እነሳለሁ፤
ደግሜ ቆጥሬ እመለሳለሁ።
ሦስተኛዬ ነው እስካሁን ድረስ።
ጦይባ ብታየኝ፣ «ኧረ እቴ!
ላንቺ ነው ወይስ ለሱ፣ ይሄ የሚፈስ?»

ጦይባን ጉድ አድርጎ ነው የፈጠራት፤
ሐኪም ቢቆጣት፣ አስታማሚ ቢሰድባት፣
እንደ ቆርቆሮ ዝናብ፣
ይጮሃል እንጂ ዘልቆ አይገባም ቤት።
የኔ ጣሪያ ሣር ነው፤ ዝም ብሎ ይጠጣል፣
ከሳምንት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ ሳለሁ፣
ያኔ ይንጠባጠባል።

ጥያቄ ሰባት፦ «ከሌሎች እኩል ብቁ ነኝ።»
ከማን? ከጦይባ?
ወይስ ያን ሌሊት መሆን ከነበረብኝ ሰው?
ከኩታበር በቃሬዛ መጣች፤ ደም አልነበረም፤ መብራት ሄደ፤
ስልኬ ብቻ ነበር የሚያበራው።
ሞተች።
ሪፖርቱ ላይ «ዘግይታ በመድረሷ» ተብሎ ተጻፈ፤
እኔ ግን በልቤ «ሲስተሯ ስላልበቃች» ብዬ ከጻፍኩ
ይኸው ሦስት ወር አለፈ።
ባሏ ይመር አሊ፣ አስከሬኗን ሊያወጡ፣
መድኃኒት ጓዳ፣ ከተደበቅኩበት፣ ፈልገውኝ መጡ።
«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ።
እሳቸው። እኔን።
በየትኛው ሳጥን ነው ምልክት የማደርገው ይኼን?

ጥያቄ አሥራ ሁለት፦ «አንዳንዴ ምንም እንደማልረባ ይሰማኛል።»
ልጁ «አንዳንዴ» ሲል ሰዓቱን አልነገረኝም፤
ሰዓቱ ግን ዘጠኝ ይላል።

ልነሳ ስል ከቻርቱ ስር ሌላ ቅጽ ወደቀ፤
ስም የለበትም፤
የጦይባን አረንጓዴ ብዕር ግን ማን ደበቀ?
አሥራ ሁለት ላይ፣ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጋ፣
ምልክቱ ወረቀቱን ቀዶ፣ ጠረጴዛውን ወጋ።

ለካ ቆርቆሮም፣
ዝናብ ባያስገባም፣
ከመዛግ አይድንም።

አግዳሚው ላይ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ተኝታለች፤
እንደ አራስ ሕፃን እጇን ጨብጣለች።
ጋቢዬን ጣል አደረግኩባት፤
«አብሽሪ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እንዳላነቃት።
አልጋ አራት ሄድኩ። ጠብታውን አንዴ ቆጠርኩ።
ቅጹን፣ ግማሹን ባዶ እንዳለ፣ አጠፍኩ።

ከግቢው በር ባጃጅ ክላክሱን ነፋ።
ጦይባ ብድግ አለች፤ ጋቢዬ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ሄደ፤
«ደሞ ማን ሊሞት፣ ማን ሊወለድ ወረደ?»
ብላ ሳቀች።
ሳቋን ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤
ዛሬ ግን አዳመጥኩት።