ሰባት ሰዎች አይተውሻል

ሮተርዳም ይዘንባል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱን የሚያጥበው የወንዝ ይሁን የሰማይ፣ ውኃው አይለይ።
ኤዲልሳ ስልኬን ይዛ፣ «ይሄን ማን ጻፈልሽ?
ምን ይላል?»
«ታታሪ፣ ታማኝ፣ ትጉህ፤ ሥራ ትፈልጋለች ይላል።»
«አጥፊው። ታታሪ ነኝ ያላለ
እስቲ ማን አለ?
ሰነፍ ነኝ ብሎ የጻፈ፣ እዚህ ከተማ፣ አንድ ሰው ተገኝቶ ያውቃል?»

አጠፋሁት። ስሜ ብቻ ቀረ፣ ትርንጎ መላኩ፣
እጁን የሚያኖርበት እንዳጣ፣
ግብዣ ቤት ቀድሞ እንደ መጣ።

ፎቶዬ ከሠርግ ላይ የተቆረጠ ነው። በጆሮዬ ሥር
የማላውቀው ትከሻ አለ፣ ጥቁር ኮት።
ቆረጠች፣ አጠበበች፣ ገፋች ወደ ግራ፤
ትከሻው እንቢ አለ። «ይቆይ» አልኳት፣ «አብሮኝ ይፈልግ ሥራ።»

«በይ አሁን፣ ምን ሠራሽ?»
«ብሎን አጠብቅ ነበር። የውኃ ፓምፕ፣ አሥራ አንድ ዓመት።»
«ስንት ፓምፕ?»
«ማን ቆጠረ!»
«እሺ፣ ያልረሳሽውን አንዱን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ጎዴ፣ ሌሊት፣ ፓምፑ ቀጥ አለ።
ጀሪካን ተሰልፏል፣ ቢጫ በቢጫ፤
ሦስት ቀን መንገድ ነው፣ መለዋወጫ።
ቀበቶዬን ፈታሁ፣ ቆዳውን በምላጭ ቆረጥኩት በክብ፣
ዘይት ቀብቼ አስገባሁት፣ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ጥዬ
ጠበቅኩ፣ እስኪመታ እንደ ልብ።
ሲነጋጋ ውኃው፣ እንደ ሽማግሌ፣ ሁለቴ አሳለና መጣ፤
አራት ሺህ ሰው ጠጣ።
እኔ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

«ይሄንን ጻፊ!»
አፈርኩ። የኛ ቤት ደንብ፣ ሰው ያመስግንሽ እንጂ አፍሽ አያመስግንሽ፤
አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ፣ ሲጠሩሽ ደንግጪ፣ ብለው ነው የሚያሳድጉሽ።
ግን አጎቴ ደርቤ ትዝ አለኝ፣ ሠርግ በመጣ ቁጥር
«ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ፣ መሬቱን ሲያስጨንቅ በእግር፤
በሕይወቱ የገደለው አንዲት ጅብ፣ እሷንም በመኪና፤
ሰዉ ግን እልል ይላል፣ ፉከራ ነውና።
ለካ የኛም አፍ ያውቅበታል፣ ሜዳ ከሰጡት!

ጻፍኩ፦ «ዘራፍ የመላኩ ልጅ፣ የዝገት ባላንጣ፣
በእሷ ቀበቶ ነው ከተማው የጠጣ!»
ስተረጉምላት የኤዲልሳ ሳቅ ጸጥታውን ሰበረ፤
«ጩኸቱ ይውጣ፣ ቁጥሩ ይቆይ»፤
ከዘራፉ መሐል የተረፈው አራት ሺህ ብቻ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ክፍተት።
«ሆቴል፣ አልጋ ማንጠፍ።»
«በቀን ስንት ክፍል?»
«አሥራ ስድስት።»
«ይጻፍ።»
ያልጻፍነው ይሄ ነው፦ ከግድግዳው ጀርባ ቧንቧው ሲያቃስት ቆሜ እንደማዳምጥ፣
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሊያፈስ ነው ብል፣ ኃላፊው እንደማይደነግጥ።

በማግስቱ «ሰባት ሰዎች አይተውሻል» አለኝ ስልኩ።
ትራሙ ውስጥ ፊት ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው፣
ሁሉም አጎንብሰው ስልካቸውን ሲነኩ።

ትልቁ ድርጅት ዝም። ሁለተኛው «እናመሰግናለን፣ ነገር ግን» ብሎ ጀመረ፤
ከ«ነገር ግን» ወዲያ ያለው ሳይነበብ ቀረ።
በዘጠነኛው ቀን ሂልበርት የሚባል ገበሬ፣
እርሻው ከባሕር በታች የተኛ፣
«ዲፕሎማሽን አላነበብኩም፣ ቀበቶውን አነበብኩ» አለኛ።
«የኔ ፓምፕ ዕቃው መመረት ካቆመ ሠላሳ ዓመቱ።
ማክሰኞ ብትመጪ? ዋጋሽ ስንት ነው?»

ዋጋሽ ስንት ነው!
በስድስት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም፤ ይነግሩኝ ነበር እንጂ።
ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ ኤዲልሳ ጋ ደወልኩ።
«ያሰብሽው ላይ ግማሹን ጨምሪ» አለችና ዘጋች።

ማክሰኞ፣ የመጀመሪያው ባቡር፣ ዝናቡ እንደዚያው፤
መፍቻዎቼን አንግቤ በትከሻዬ፣
ሁለት ቀበቶ ታጠቅኩ፤ አንዱ ለሱሪዬ።