አገር ስጠኝ

ሐሙስ ማታ ሱቄን ዘግቼ፣
እጄን ከግራሶ በሰጋቱራ አጽድቼ፣
በሁለት የተፈታ ልብስ ማጠቢያ መሐል ወንበሬን ጎትቼ፣
ስልኬን አበራለሁ።
ፑንታ አሬናስ ላይ ነፋሱ ቆርቆሮ ይገነጥላል፤
እኔ ጆሮዬን አቆማለሁ።

ጨዋታው ቀላል ነው፤ አንዱ ድምፅ ይልካል፣
ዘመን የጣለውን የማሽን ድምፅ፣ ዐሥር ሰከንድ ያህል፤
ሌላው ይገምታል።
ፎቶ የለ፣ ፍንጭ የለ፣
እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ ብቻ ነው ያለ።
ያላወቀ፣ እንደ ልጅነት ጨዋታ፣ አገር ይሰጣል፤
ማለቴ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣
የሰፈሩን ድምፅ አንድ ደቂቃ ቀድቶ፣
ለረታው ይልካል።

እንዲህ ስረታ፣ ስረታ
(አንዱን አላሉት፣ አንዱን አጥብቁት)
ስንት አገር በእጄ ገባ፣ ስንቴስ አገሬን ሰጠሁት!
ክላክስቪክን ከቶሩን ወሰድሁ፣
የጽሕፈት መኪና ደወሏን ዐውቄባት፤
የጀልባ ሞተር፣ በግ፣ ዝናብ፣ እንደገና ዝናብ ነው ያለባት።
ማሪቦርን ከማርዬታ፤
ፎቅ ላይ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሳህን ሲሰበር፤
ከሥሩ ጽፋለች፦ "ይቅርታ፣ አገሬ ተቆጥታ ነበር።"
እኔም ነፋሴን ሰጥቻለሁ፣ አራት ጊዜ።
"ሌላ የለህም?" አሉኝ።
የለኝም።

አንድ ሐሙስ፣ ባትዞሪግ ከኤርደኔት፣
ከመዳብ ቁፋሮው ከተማ፣
ዐሥራ አንድ ሰከንድ ላከ፤
ከአባቱ ካሴት የቀዳው፣ የታፈነ ጉርምርምታ፣
እንደ ጠገበ ድመት፤
ከዚያ ዱብ፣ ዱብ፤ ከዚያ ጸጥታ።

ቶሩን "ማቀዝቀዣ ነው" አለች። አይደለም።
ማርዬታ፣ ከሌሊት ፈረቃዋ፣
"አሳንሰር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚያነክስ።" አይደለም።
እኔ፣ "የእህል ወፍጮ።"
"አይደለም መሰለኝ" አለ።
መሰለኝ?
ጠያቂው መሰለኝ ካለ
መልሱ ማን ቤት አለ?

"አላውቀውም" ብሎ ጻፈ፤
"አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።
ካሴቱ ላይ ዘፈን የለም፣ ንግግር የለም፣
ከዚህ በቀር ምንም።
የሚያውቅ ቢገኝ ብዬ ነው።"

ያን ዕለት ሁላችንም ተረታን፣ ጠያቂውም ተረታ፤
ሁሉ ለሁሉ አገር ሲሰጥ
ማን የቱ ላይ እንደሚያድር ጠፋን በዚያች ማታ።

ሰኔ ላይ፣ ብርዱ ሲጠና፣ ወይዘሮ ኦቲሊያ ማንሲያ ጠሩኝ፤
ድንች ሲያስቀምጡበት የኖሩትን
ክብ ማጠቢያ፣ በሦስት እግር የቆመ፣ አሳዩኝ።
"ይጣል" አልሁ። "ድንቹን አውጥቻለሁ" አሉ፣
ከዚያ በላይ አልተናገሩኝም።
ኩሽኔታውን ቀየርሁ፣ ቺንግያውን ወጠርሁ፣ ሰካሁት።
አጉረመረመ።
ዱብ፣ ዱብ።
ፒንሳው በእጄ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ።
"ምን ነካህ?" አሉኝ።
"አንዴ ዝም ይበሉ፣ እትዬ፣ የሰው አገር እየሰማሁ።"

የባትዞሪግ መልስ በሦስተኛው ቀን መጣ፦
"እሱ ነው። የእናቴ ማጠቢያ ነው፣ ቤታችን የገባ ዕለት፤
አባቴ እንደ ዘፈን ቀድቶት።
ያንተው ላይ አንድ ነገር ጎድሏል እንጂ፤
ዘጠነኛው ሰከንድ ላይ፣ ትንሽ፣ ክህ የምትል አለች።
ማሽኑ ነው ስንል ኖርን። አይደለም።
ሳሉ ናት።"

ደግመን ሰማናት፣ አራታችን፣ በአራት ሰዓት፤
ቶሩን ዘንድ የማይመሽ ሌሊት፣
ማርዬታ ዘንድ የሻይ ዕረፍት፣
እሱ ዘንድ ጠዋት።
ክህ።
ማንም ምንም አልጻፈ።

ደንብ ግን ደንብ ነው፤ ያወቀ ይወስዳል።
ኤርደኔት ደረሰችኝ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ፤
አውቶቡስ፣ ውሻ፣ ደረጃ የሚወርድ ልጅ፣
ከሩቅ የቁፋሮው ፉጨት።
ወይዘሮ ኦቲሊያን የኩሽኔታውን አስከፈልኋቸው፣
የቺንግያውን ተውሁላቸው።
ስለ አገሩ አልነገርኋቸውም።
መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከዐሥር ቁጥር ቁልፍ ጎን ነው ያለው፤
ሳነሣው ትንሽ ከበድ ይላል።