ያላለፈው ሳጥን

ኦፋቂም፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ማዶ፣
ላሜራ የምናጥፍበት ቤት፤ ወለሉ ቡሎንና ዳዶ።
እዚያ ነው የሠራሁት፣ በሐምሌ ወላፈን፣
ለመዋዕለ ሕፃናት ግቢ፣ ለውኃ ሞተሩ፣ ያንን ሳጥን፤
ከመደርደሪያ የማይገዛ፣ በልክ የተሰፋ።
ግድግዳው ጠማማ ነበር፤ ሳጥኑም እንደ ግድግዳው
አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ፣
ሌሊቱን እንደ ቆመ ዘብ ወደ ጎን ያዘነበለ።

አሠሪዬ ማክሉፍ፣ ስልኩ ጆሮው ላይ በቅሎ፣
«ሐሙስ ይረከባሉ» አለኝ፣ «ሐሙስ!» ደጋግሞ ምሎ።
«ባለፈው ዓመት ያለፈው፣ ወረቀቱ አለ አይደል?
ያው ላሜራ፣ ያው ቀለም፤ በሱ ይለፍ፤ ምን ሊጎድል?»
እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር፤
ወንድም ለወንድሙ ዋስ ነው ብዬ።

ሩፊና መጣች፣ ከመፈተሻው ቤት፤
አጭር ሴት፤ ጸጉሯ የብረት ብናኝ የለበሰ፣
የታሽከንት ልጅ፤ ዕብራይስጧ እንደኔው ያነከሰ።
ወረቀቱን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፋችው።
«ይህ የሌላው ነው» አለች። «አንድ ቀዳዳ ስትበሳ
ሌላ ሳጥን ሆኗል ያንተ፤ ለራሱ ፈተና ይነሣ።»

ከቦርሳዋ ጣት አወጣች።
የብረት ጣት፤ ቀጭን፣ የልጅ ጣት የምታህል፣
በአንጓዋ የምትታጠፍ።
በማጠፊያው ስንጥቅ፣ ሳትገፋ፣ ቀስ ብላ ሰደደቻት፤
ከረሜላ ጠፍቶባት የምትፈልግ ትመስል ነበር ጣቲት።
ከጭራዋ የታሰረች ትንሽ አምፖል
በራች።
ማክሉፍ እንኳ ስልኩን አወረደ።

ቀጥላ ውኃ ረጨችው፣ ከላይ ከታች፣ ከየጎኑ፤
ስንከፍተው፣ ትናንት ደንበኛው «አንድ ሽቦ ጨምር» ብሎኝ
በችኮላ በበሳሁት፣ ጎማው ባልሞላው ቀዳዳ
አንዲት ጠብታ ገብታ ተቀምጣለች፣
እግሯን ጠርጋ እንደ ገባች እንግዳ።

አባቴ አብጀው፣ ወገራ፣ ወናፍ አጠገብ ሲያረጅ
ወረቀት የጠየቀው የለም፤
ለማረሻው የሚመሰክር ትልሙ ነበር እንጂ።
እሱን ግን ይፈትኑት ነበር። እጁን አይደለም፤ ዓይኑን።
ቀን ማረሻውን ይወስዳሉ፣
ማታ ከዓይኑ ይሸሽጋሉ ሕፃኑን፤
ቡዳ ነው፣ ቀጥቃጭ ነው እያሉ።
ለዚያ ፈተና የብረት ጣት የለውም፣
የሚበራ አምፖል የለውም፤
ቢወድቅ የሚታረም፣ ቢያልፍ የሚለጠፍ ነገር የለውም።
እንዲሁ እንደተፈተነ ሞተ።

እናም ሩፊናን አልተቀየምኳትም።
የጠየቀችው ሳጥኑን ነው። ሁለት ሚሊሜትር አለች፤
ሁለት ሚሊሜትር ይለካል። ሁለት ሚሊሜትር ይሞረዳል።

ሐሙስ አለፈ፤ ማክሉፍ ተሳደበ፤
እኔ ከንፈሩን ደግሜ አጠፍኩት፣
በሩን ከአካሉ ጋር በመዳብ ጉንጉን አሰርኩት፣
ቢፈስስ እንኳ ወደ መሬት እንዲሄድ፤
ቀዳዳውን ከሥር በሳሁት፣ በጎማ ቀለበት።
አዲስ ሳጥን፣ አዲስ ስም፣ አዲስ ቁጥር፤
የድሮውን በስሙ አልጠራሁትም።

ጣቲት እንደገና ገባች፤ ፈለገች፣
ታጠፈች፣ ፈለገች፣ ተመለሰች።
አምፖሏ ዝም።
በጨለማ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የወደቀው ሳጥን አሁን እኛ ሰገነት ላይ ነው፣
«ለአገልግሎት የተከለከለ» የሚል ቀይ ወረቀት ደረቱ ላይ።
ማክሉፍ ለቁራሊዮ ሊሸጠው ነበር፤
በአንድ ቀን ደመወዜ ገዛሁት፤ ሚስቴ የዝና ሳቀችብኝ።
በኋላ ግን አጋድማ አፈር ሞላችበት፣
ጤና አዳም ተከለችበት።

ውኃ ስታጠጣው
በዚያ በችኮላ በበሳሁት ቀዳዳ
ትርፉ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤
ሥሩ እንዳይበሰብስ።